አሴ የሚለኝ የለም

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እማዬ፣

በስልክ ብነግርሽ ይሻል ነበር፤ ግን ድምፅሽን ስሰማ ቃሉ ይጠፋብኛል። የአባባን የሥራ ዕቃ ሰብስቢ ብለሽ ያዘዝሽኝን አላደረግሁም። የአባባ ሞረዶች አሁንም ጓሮ ናቸው። እንጨትና ብረት አጥብቆ የሚይዝበትን ሞርሳም ከጠረጴዛው አልፈታሁትም።

ጅቡቲ ሙቀቱ በረደላችሁ? እዚህ ማታ ማታ ደህና ነፋስ አለ።

«አባቴ አርጅቷል፣ ጠመንጃ መነካካቱ ይብቃው» ያልሽው እውነትሽን ነው። ጋሽ ዋርፋን ታውቂያቸዋለሽ፣ የጀልዴሳውን። የአባታቸው የድሮ ጠመንጃ፣ ዲሞፍተሩ፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ ከነፈቃድ ወረቀቱ አምጥተውት ነበር። አባባ አዲስ ሰደፍ ከዋንዛ እንጨት ሲጠርብ ከረመ። መጨረሻ ላይ፣ እንጨቱ ከብረቱ የሚገጥምበት ቦታ፣ ሞረዱ በእርሳስ ያሰመረውን መስመር አለፈና ክፍተት ተፈጠረ። ጋሽ ዋርፋ ሊወስዱ ሲመጡ ትንሿን ጣታቸውን ክፍተቱ ውስጥ ከተቱና፣

«ጥሩሰው፣ ይሄን ለጉንዳን ነው ያከራየኸው?» አሉት አባባን።

ሁለቱም ሳቁ። እሳቸው ጠመንጃቸውን ይዘው ሲሄዱ ግን አባባ ሞርሳውን በጨርቅ ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ አልነካውም። አንቺ የፈለግሽው ሆነ ብዬ ተውኩት። እጁ ግን ሞረድ ይዞ ከሚንቀጠቀጠው ይልቅ ባዶውን ሲሆን ይብሳል። በሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይፈትጋል።

ትናንት ለምን እንደተወው ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። በባቡር ወርክሾፕ ዘመኑ ከሥራ ጓደኛው ከዓብዱልአዚዝ ጋር በአንድ ሞርሳ ይሠሩ እንደነበር ነገረኝ። አንዱ ሲሞርድ ሌላው መስመሩን ያያል። ሞረዱ መስመሩ ጋ ሲደርስ «አሴ» ይለዋል፤ በፈረንሳይኛ ይበቃል ማለት ነው አለኝ።

«ያኔ ወጣት ሆኜም ዓይኔን ብቻ አላምንም ነበር» አለ። «እሱ ከሞተ ወዲህ አሴ የሚለኝ የለም።»

እማዬ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ አጠገቡ ነው የምቀመጠው። መስመሩ በደንብ ይታየኛል። አፌ ነው እንጂ የማይከፈተው፤ ታውቂኛለሽ፣ አስተማሪ ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው አይሰማም።

ዛሬ ጋሽ ዋርፋ ሰደፉን እንደገና እንዲሠራላቸው ሌላ የዋንዛ ቁራጭ በባጃጅ ላኩ። አባባ አየውና ግድግዳው ላይ አስደግፎት ገባ።

በሰው አገር የሚያዝንልሽ አያሳጣሽ፤ በጤና ያገናኘን። አትቆጪኝ። ነገ ጠዋት ጨርቁን እኔ አነሳዋለሁ። መስመሩን አወፍሬ አሰምርና ከፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ሞረዱ ሲደርስ «አሴ» እላለሁ። ካልሰማኝ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ እላለሁ።

ልጅሽ ኑሀሚን