የሁለት መንግሥታት አንድ መስፈሪያ

ወዳጄ ባለሱቁ፣

ሁለት የጥንት የንግድ መንግሥታት ከሚዋሰኑበት ወንዝ መሃል፣ አንድ ቋጥኝ ላይ ቆሜያለሁ። በዚህኛው ዳር ንጉሡ ለየከተማው ሹም ይልክ ነበር፤ በዚያኛው ከተሞቹ በገዛ ሽማግሌዎቻቸው ይተዳደሩ ነበር። ቋጥኙ ላይ የጋራ የጨው መስፈሪያ ተፈልፍሏል። ስንት ዘመን የነካካው መዳፍ ጠርዙን እንደ መስታወት አለስልሶታል።

“ተዋግተው አያውቁም?” አልኳት አስጎብኚዋን።

“ሞልቶ! ይህን ግን ማንም አልሰበረውም፣ ጋሼ። ከሰበረው በማግስቱ ማን ይሸጥለታል?”

አንተና ወንድምህ ትዝ አላችሁኝ።

አንተ “የታላቅ ትእዛዝ ይከበር”፣ ወንድምህ “እንመካከር” እያላችሁ የአባታችሁን ሱቅ በግንብ ልትከፍሉት ነው አሉ። ግንቡን ከፈለጋችሁ ገንቡት፤ ሚዛኑን ግን በጋራ ያዙ። የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናታችሁን ሳምልኝ፤ ወንድምህንም፣ እምቢ ካለ አንቀህ።