ገባኝ ያልኩት ዓረፍተ ነገር

ውድ መቀስ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል። እኔ ሰላምታውን ጽፌ ሰረዝኩት፣ ደግሜ ጽፌ ሰረዝኩት፣ በመጨረሻ ተውኩት። ደህና መሆንህን ከሰው ሰምቻለሁ። እኔም እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አነባለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ከወጋህ በኋላ ጉንጭህን ስትነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስልህ የለ? እንደዚያ ነኝ።

በጋሼህ ቀብር ዕለት መጥተህ ከኋላ ከሾፌሮቹ ጋር ቆመህ አይቼሃለሁ። እጄን ይዘህ «እትዬ» ብቻ አልክና ሄድክ። ያን ቀን የምነግርህ ነገር አልነበረኝም። አሁን አለኝ። የባቄላው ፊልም ሊወጣ ነው። የትምህርት ቴሌቪዥን ሰዎች ጠይቀውናል። እኔ ዘንድ ግን ያለው ፊልም አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ የሚወጣውን እንድመርጥ ተጠይቄያለሁ። ከአንተ ሌላ የምጽፍለት ሰው የለኝም።

ጋሼህ እንግዳ ሲመጣ የሚላትን አትረሳትም። እኛን ሦስታችንን አሰልፎ፣ «ድርጅታችን ሦስት ክፍሎች አሉት» ይላል። «የቀረጻ ክፍል፣ እኔ ነኝ። የኤዲቲንግ ክፍል፣ ይሄ መቀስ የምንለው ልጅ ነው። የመረዳት ክፍል ኃላፊ ደግሞ ባለቤቴ ናት።» እንግዳው ይስቃል። እኛ ግን እውነት መሆኑን እናውቅ ነበር። ትምህርት ቤት እንዳልገባሁ ታውቃለህ፤ ፊደሉን በልጅነቴ ከታላቅ ወንድሜ ትከሻ ላይ አሻግሬ ለቀምኩ፣ ንባቡን ግን ከእናንተ ጽሑፍ ነው የለመድኩት። ስለ ጉንዳን ሆድ፣ ስለ ዝገት፣ ስለ ጨረቃ ጉድጓድ። ጋሼህ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ያነብልኛል፤ እኔ «ገባኝ» ካልኩ ያልፋል፣ ካላልኩ ይቀደዳል። አንዴ ስለ ብርሃን የጻፈውን ደጋግሞ ቢያነብልኝም «አልገባኝም» ስላልኩ ምሳውን ሳይበላ ወጣ። አንተ ከጠረጴዛህ ሆነህ፣ «ጋሼ፣ ለመረዳት ክፍል ጉቦ ይሞከር እንዴ?» አልከው።

ከዚያ የባቄላው መጣ። ያንን የጓዳ ክፍል መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ባቄላዋን በማሰሮ አስቀምጣችሁ፣ ውሃ ከልክላችሁ መጠውለጓን መቅረጽ ጀመራችሁ። ካሜራው በየአሥር ደቂቃው ቀጭ እያለ አንድ ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ የስንት ቀን መድረቅ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። እናንተ ለሌላ ሥራ ወደ ሐይቁ ስትሄዱ ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ መብራቱ እንዳይቃጠል ማየት። ያን ቀን ጠዋት የባትሪ ማሸጊያ ስከፍት አውራ ጣቴን ቆርጬው፣ ጋሼህ በበር ሲወጣ ተመልሶ በጥቁሩ የካሜራ ፕላስተር ጠቅልሎልኝ ነበር። «አሁን አንቺም የድርጅቱ ንብረት ሆንሽ» አለኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ታውቀዋለህ። ባቄላዋ አንገቷን ደፍታ ቅጠሎቿ በማሰሮው አፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። እኔ ደግሞ ከወጥ ቤት ለራሴ ውሃ ቀድቼ ነበር የገባሁት። በቤቴ ውስጥ የተጠማ ነገር ፊት ውሃ ይዤ ቆሜ አላውቅም። አፈሰስኩላት። ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ምን እንዳነሳ ግን አላሰብኩም። እናንተ ስትመለሱ አፈሩ ደርቋል፣ ባቄላዋ ቆማለች።

ጋሼህ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። አንተ «የደረቀ ነገር ያለ ውሃ እንዴት ይነሣል?» ብትለው፣ «ባቄላ መጽሐፍ አላነበበችም፤ እንደማይነሣ ማን ነገራት?» አለህ። ዓረፍተ ነገሩን ያን ዕለት ጽፎ አነበበልኝ። «የሚያጠጣት አልነበረም፤ ያም ሆኖ ተነሣች።» ከዚያ እንደ ልማዱ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ገባኝ» አልኩ።

እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ያቺ ቃል ናት። ውሃው አይደለም፤ ለውሃው አሁንም አልጸጸትም። ሥራዬ አንድ ነበረ፣ ያልገባኝን አልገባኝም ማለት።

ለአንተ ሻይ ይዤ ስመጣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ነበር። በአንዱ ላይ ቆምክ። ኩባያ የያዘ እጅ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር። ወደ ስክሪኑ አየህ፣ ትሪውን ወደያዘው እጄ አየህ፣ አንድ ቁልፍ ተጫንክ። «አቧራ ገብቶ ነበር እትዬ፣ አወጣሁት» አልከኝ። ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ፎቶውን አወጣኸው፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ልታሳልፈው አልቻልክም። «ጋሼ፣ ይሄን አናስገባው» አልክ። «ለምን?» «አላምነውም።» «ምኑን ነው የማታምነው? በዓይንህ በብሌኑ እያየኸው!» ምክንያት ስታጣ ጊዜ «ቀናህበት» አለህ። «እኔ ያነሳሁት ስለሆነ ነው» አለህ። አንተን! ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሷ እንኳ ገብቷት!» አለ። አንተም ዞርክ። «እትዬ፣ እውነት ገብቶሻል?»

በሩን ከፍተህልኝ ነበር። አልወጣሁበትም። «ገብቶኛል» አልኩ። የጆሮ ማዳመጫህን ገመድ በእጅህ ላይ ቀስ ብለህ ጠቅልለህ ሄድክ። ጋሼህ ትመለሳለህ ብሎ ኩባያህን ለቀናት ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም። ከዚያ አነሳው። ፊልሙንም «ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ» እያለ ተወው፤ ስብሰባና ምርቃት እየቀረጸ ኑሯችንን ገፋ። ቀሪውን ሰምተሃል፤ ልቡ ነው አሉ።

አሁን በአንተ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ አለች። ጎበዝ ናት፣ ስታስብ እርሳስ ትበላለች። ባለፈው ሳምንት ጠራችኝ። «እትዬ፣ የባቄላው ሁለት ነው። አንዱ የድሮው ነው፣ የጋሼ ድምፅ ያለበት። ሌላኛውን ጋሼ ራሳቸው ኋላ ላይ የሠሩት ይመስለኛል። እዚህ ጋ ግን ዝም ይላል። ድምፅ ማስገባት ረስተውት ይሆን?»

አሳየችኝ። ባቄላዋ ትጠወልጋለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ከዚያ ፊልሙ ይቆማል። አንተ ያወጣኸው ፎቶ ተመልሶ ገብቷል። በዓይን ጥቅሻ የሚያልፈውን አንድ ፎቶ አስረዝሞ፣ እጄን ከነጥቁር ፕላስተሩ ስክሪኑ ላይ አቁሞታል። ቃል የለበትም። ከዚያ ባቄላዋ ትነሣለች።

«አልረሱትም» አልኳት።

ቀኑን አሳየችኝ፤ የሠራው አንተ በሄድክ በዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ አብረን ስንት ቁርስ በላን። አንድ ቀን በረንዳ ላይ አበቦቹን ሳጠጣ ከኋላዬ ቆሞ፣ «አጠጪ፣ አጠጪ፤ ከአንቺ ሌላ ማን ያዝንላቸዋል» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። አንተን ለምን እንዳልጠራህ አልገባኝም፤ አሁን እውነቱን ነው የምነግርህ፣ አልገባኝም። ምናልባት አንተን ከጠራ እኔን መጠየቅ ሊኖርበት ነው። እኔን ከመጠየቅ አንተን ማጣት መረጠ። በዚህ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ ብዬ ስጠብቅ ሁለቱም አልመጡም። ልጅቷ ግን ታሪኩን ስነግራት አለቀሰች። ውሃ አመጣሁላት።

ዓይኗን ከጠራረገች በኋላ፣ «እኔ ብሆን የድሮውን ነው የማወጣው» አለችኝ። «ያምራል። ደግሞ የጋሼ ድምፅ አለበት።» እውነቷን ነው። ድምፁ በሌሎች ፊልሞችም አለ፤ እንደዚያ ደስ ብሎት የተናገረበት ግን ሌላ የለም። «ያም ሆኖ ተነሣች» ሲል መጨረሻ ላይ ሊስቅ ይልና ይተወዋል። በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ አውልቄ፣ «እሱን ተይው፣ ሁለተኛውን እናውጣ» አልኳት።

ዝም ያለበት ቦታ ላይ የሚነበበውን እኔው ጻፍኩት። ስትቀዳኝ፣ «ትንሽ ስሜት ቢጨምሩበት እትዬ» አለችኝ። «ልጄ፣ ያለኝ ይኸው ነው» አልኳት። አንድ ጊዜ ሰማችውና እርሳሷን ከአፏ አወጣች። «ይሁን» አለች።

በፊልሙ መጨረሻ በሚወጣው የስም ዝርዝር ላይ ስምህ እንዲመለስ አድርጌያለሁ፣ ከጋሼህ ቀጥሎ። ይህ አንተን ለማስደሰት አይደለም፤ ፎቶዎቹን ያገጣጠምካቸው አንተ ነህ። የቴሌቪዥኑን ሰዎች ግን ታገሡኝ ብያቸዋለሁ። በዚህ ቤት ማንም «ገባኝ» ሳይል ያለፈ ዓረፍተ ነገር የለም፤ የራሴን ደግሞ ራሴ ላሳልፍ አልችልም። ስለዚህ ለአንተ አነብልሃለሁ፦

«ባቄላዋ በራሷ አልተነሣችም። ቤት ውስጥ ሰው ነበረ፤ እኔ አጠጣኋት።»

ከገባህ ገባኝ በለኝ። ካልገባህም ለእኔ ብለህ ገባኝ እንዳትለኝ፤ ቀድጄ እንደገና እጽፈዋለሁ።

እትዬ
ከመረዳት ክፍል