ከጥርሴ ጀርባ ያለው ቦይ

ቦንጋ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ደክሞኛል። ማደንዘዣው ገና አለቀቀኝም፤ ግማሽ ከንፈሬ የሌላ ሰው ይመስላል።

የላይኛው የፊት ጥርሴ ድድ እያበጠ መግል የሚቋጥርበት ምክንያት ዛሬ ታወቀ። እስካሁን ያየኝ ሁሉ «ጥርስህን በደንብ አጽዳ» ብሎ ነው የሸኘኝ። አከራዬ እትዬ አስካለማ የወይራ መፋቂያ ደጃፌ ላይ ማስቀመጥ ከጀመሩ ቆዩ። እኔም ታዝዤ ያንኑ ጥርስ ከፊት ለፊቱ ስፍቀው ከረምኩ። ቦንጋ ውስጥ እንደሱ የሚያበራ ጥርስ የለም። ከአፌ ውስጥ የሚነቃነቀውም እሱ ብቻ ነው።

አዲሷ የጥርስ ሐኪም መስታወቷን ከጥርሱ ጀርባ አስገብታ አየች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቦይ አለ። ጥርሱ ሲፈጠር አብሮት የተፈጠረ ነው። ድዱ ስር ድረስ ስለሚወርድ ቆሻሻው በዚያ ይገባል። መፋቂያ አይደርስበትም።»

ድዱን ከፍታ ጠረገች፣ ቦዩን ደፈነች፣ ድዱን መልሳ ሰፋችው። ድዱ መልሶ ከያዘ ጥርሱ ይተርፋል፤ ካልያዘ ይነቀላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምረው ፍልስፍና ነው። የፊት ጥርስ የሌለው ሰው «ፍልስፍና» ሲል የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ተማሪዎች በሳቅ ምን እንደሚሆኑ ከአሁኑ ይታየኛል።

ማታ ለእትዬ አስካለ በተያዘ አንደበቴ አስረዳኋቸው።

«ውይ! ከነቦይህ ተወልደህ ነው እኔን በወይራ ያደከምከኝ?»

ደጃፌ ላይ የተከማቹትን መፋቂያዎች ሰበሰቡ። ጥቂት እንደሄዱ ተመልሰው አንዱን ሰጡኝ።

«ይሄ ለሌሎቹ ጥርሶችህ ነው። እነሱ ምክንያት የላቸውም።»