ዳለቻ የላሰችው ብረት

ኅዳር ፱፣ ጠዋት
ዳለቻ ዛሬም አልበላችም። ሣሩ አፍንጫዋ ሥር ነው፤ አታየውም። ጥርሷን ታፋጫለች። ግድግዳውን በግንባሯ ትገፋለች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ከብት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አዋሳ ውስጥ የለም። ጻፊው ወርቄ፣ አትሳቂ። ወርቄ የልጄ ሚስት ናት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። እኔ አልቆጠርኩም፣ አላፍርም። አንተ ደብተር፣ እኔ እነግርሃለሁ፣ እሷ ትጽፍብሃለች።

ኅዳር ፲
የከብት ሐኪሙ መጣ። ልጅ እግር ነው። እጁን ከዓይኗ ፊት አወናጨፈ፤ አልጨፈነችም። የት እንደምትውል ጠየቀ። ሐይቁ ዳር፣ ከመንግሥት መኪናዎች ጋራዥ ኋላ። ሄደን አየን። የተጣለ የመኪና ባትሪ፣ ሆዱ የተዘረገፈ። ከሆዱ የወጣው ጥቁር ዝርግ ብረት ተልሶ ያብረቀርቃል። ጨው ጨው ይላታል አለ። ከባድ ብረት ደሟ ገብቷል፣ አትድንም፣ ሥጋዋም አይበላም። ጉበትና ኩላሊቷማ ጭራሽ፤ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ የባሰ። ይህን ሲል ወርቄን አየ።
ከባድ ሲሉ የማውቀው መሣሪያ ነው። ልጄ ሰሜን ያለው ከሱ ጋር ነው። ላም ውስጥ ምን ይሠራል?

ኅዳር ፲፪
ጎረቤቶች መጡ። ጾም ሊገባ ነው፣ ለቅበላ ቅርጫ አማራቸው። ሳትሞት እረዳት፣ እንካፈላት አሉ። የሐኪሙን ነገር ነገርኳቸው። የጎን ጎረቤቴ ቦጋለ፣ "ብረት ካገኘሁባት ቢላዬን እስልባታለሁ" አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።
ወርቄ ካረገዘች ጀምሮ ጉበት ያምራታል። አፍ አውጥታ አትለምንም። አውቃለሁ።

ኅዳር ፲፫
አረድኳት። ሌላ እጅ እንዲነካት አልፈለግሁም። ጎረቤቶች የኮባ ቅጠል ዘርግተው መደብ መደብ ሊያደርጉ ይጠብቃሉ። ጉበቱን በሁለት እጄ አነሳሁት። አልከበደም። ሰነጠቅሁት። ቢላዬን ምንም አልነካው። እንደ ማንኛውም ጉበት ነው፣ ያምራል። ለወርቄ ልቆርስላት ነበር። ግን ጨጓራውን ከፈትኩ። ከሥሩ ጥቁር ስባሪ። አንዷን አነሳሁ። ጥፍሬን አታክልም። ከበደችኝ።
ቢላዬን ጠርጌ ሰገባው ከተትኩ። ማንም አይበላም አልኳቸው። ቦጋለ ብረቱ የተገኘው ጨጓራዋ ውስጥ ነው፣ ሥጋው ምን አደረገ አለ። ሐኪሙ ካለው አንድ ነገር እውነት ከሆነ ሌላውም እውነት ነው አልኩት። ለቅበላ ምስር አበላኸን ብሎኝ ሄደ።

ኅዳር ፲፬፣ ማታ
ቀበርኳት። ጉበቱን ስጥል ወርቄ ምራቋን ዋጠች። ቦጋለ ዛሬ ሰላም አላለኝም።
ዳለቻ የባለቤቴ ላም ነበረች። ቦሌ፣ ያንን ጨዋማ አፈር፣ በመዳፏ ታስልሳት ነበር። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቦሌ አልገዛሁም። ላሚቱ ጨው ፍለጋ ሄደች። ይኼን አትጻፊው ወርቄ። እሺ፣ ጻፊው።
ነገ ባትሪውን በጆንያ ሰብስቤ የጋራዡ አለቃ ደጃፍ ላይ አራግፈዋለሁ። እሱ ይላሰው። ወርቄ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አባባ ያስሩዎታል፣ ይኼን አልጽፍም አለች። ጻፊ ልጄ። የሰው ላሞች ነገም እዚያው ነው የሚውሉት።