ሆስተስ የታመመችበት ሁዳዴ

ሐሙስ፣ መጋቢት 7 ቀን 1981

ከሥራ በጊዜ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የአውሮፕላን ወንበር ልብስ ስሰፋ ውዬ ጣቴ አብጧል። ባለቤቴ ዘውዲ ሽሮ አቀረበች። ጾም ነው፣ ሌላ ምን አለ?

በልቼ መሰላሉን ወጣሁ፣ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወዳለው የርግብ ቤት። ሆስተስ ሁለተኛውን እንቁላል ጥላለች። ደስ አለኝ። ስሙን ያወጣላት ልጃችን ዓንዶም ነው። አንገቷ ላይ ያለው አረንጓዴ የሆስተሶች ሻሽ ይመስላል ብሎ። አውሮፕላን ሲያርፍ ሲነሳ እያየ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ስም ያወጣል።

አያሌው ዛሬም በቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሞ ወደኛ ጣሪያ ያያል። መስከረም ላይ ጎረቤት ሆኖ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ይወጣል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ከዚያ ቀና ይላል። ይቆጥራል። ጡረተኛ ነኝ ይላል። ከየት ነው ጡረታ የወጣው? ርግብ መቁጠር የጀመረ፣ ሰው መቁጠርም ይቀጥላል። በዚህ ቤት ስንት ነበሩ፣ ስንት ቀሩ... ጥቅምት ላይ የርግቦቹን መውጫ ጣውላ መትቼ የዘጋሁት በሱ የተነሳ ነው። የማይታይ ነገር አይቆጠርም። እሱ ግን አሁንም ያያል። ምኑን?

ለጠየቀ ሁሉ ዓንዶም አሰብ ወደብ ሥራ ይዟል እንላለን። የት እንዳለ እዚህም ቢሆን አልጽፍም። ከሰሜን የሚመጣው የጦርነት ወሬ እየከረረ ነው። ሥራ ቦታ እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎቹ በቋንቋችን ሰላም ስንባባል የሌሎቹ ጆሮ ይቆማል።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

ሆስተስ ወድቃለች።

ከእንቁላሎቿ አጠገብ በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። አንድ ክንፏ ተዘርግቷል። እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። ሳነሳት እጄ ላይ ጨርቅ ሆነች። ትናንት ደህና አልነበረች? በአንድ ሌሊት እንዲህ የሚጥል ምንድን ነው?

መርዝ ነው። ሌላ ምን ይሆናል። አያሌው ትናንት ሲመሽ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዞ ነበር። ዘውዲ ዳቦ ነው አለች። ዳቦው ውስጥስ?

ወተት መርዝ ያበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልገዛ ሄድኩ። በሁዳዴ ወተት! ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ። ስመለስ ማን ያጋጥመኛል? አያሌው። ጠርሙሱን አይቶ ሕፃን መጣባችሁ እንዴ አለኝ፣ እየሳቀ። በቤቴ ውስጥ ማን እንዳለ መጠየቁ ነው። ለዘውዲ ጨጓራ ነው አልኩት።

በጠብታ በጠብታ አጠጣኋት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ወተቱ አስቀመጣት። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ዘውዲ ባልታመመ ጨጓራዋ ስላሳበብኩ ቀኑን ሙሉ ስታሾፍብኝ ዋለች።

እሁድ፣ መጋቢት 10

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አያሌው በር ላይ። ይግቡ ጓድ አያሌው አልኩት። ጓድ ማለት አይጎዳም ብዬ። ሳቀና ጓድ አይደለሁም አለኝ። ጓድ የሆነ ሰው እንዲህ ነው የሚለው፣ ያልሆነም እንዲህ ነው የሚለው። በምን ይለያል?

ዘውዲ ርግቧ ታማለች ብላ ነገረችው። ሳልፈቅድላት! ሰውዬው ወዲያው መሰላሉን ወጣ። ከዚያማ ጥያቄ ብቻ። ስንት ናቸው? መቼ ጣለች? ምን ይበላሉ? ፀሐይ ያገኛሉ? መጨረሻ ላይ ጣውላውን በጣቱ እየነካካ፣

«ማን ነበር የሚጠብቃቸው?» አለኝ።

ነበር! ነው አላለም። እኔ ነኝ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና ወረደ።

ከዘውዲ ጋር ተጣላን። አንተ ሰው፣ ጥላህንም ሳትከስሰው አትቀርም አለችኝ። እሷ ምን አለባት። የጠየቃት የለም።

እንቁላሎቹ ቀዝቅዘዋል። ወንዱ ቀን ቀን ይቀመጥባቸዋል፣ ሲመሽ ተራው የሷ ነው ብሎ ይነሳል። እሷ መነሳት አትችል። አጠገባቸው ተኝታ ታያቸዋለች። አንጀቴን በላችው። የልጁ ርግብ እጄ ላይ ብትሞት ምን እለዋለሁ? ከመጣ... ሲመጣ።

ሰኞ፣ መጋቢት 11

ከሥራ ስገባ ዘውዲ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። አያሌው በአጥር አቀብሏት ነው። ነጭ ነገር፣ ግማሹ ፍርፋሪ ግማሹ ዱቄት። ኖራ ነው ብሏል። ከግድግዳ የተፋቀ። ደቆ፣ በውሃ ተለውሶ ትንሽ ትንሽ ይሰጣት፣ ፀሐይም ታግኝ።

ነጭ ዱቄት! ከዚያ ሰው እጅ!

ዘውዲ ለምን አትሰጣትም ስትለኝ ዞር ብላ እስክትሄድ ጠበቅሁ። በምላሴ ቀመስኩት። አፈር አፈር ይላል። ትንሽ ምላስ ያቃጥላል... ወይስ መስሎኝ ነው? ለማንኛውም የልብሴን ሣጥን ቁልፍ ዘውዲ የምታገኘው ቦታ አስቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

አልሞትኩም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ሆስተስ ግን ልትሞት ነው። ዛሬ ጠዋት አንገቷን ማቅናት አቃታት። ዘውዲ አላስችል አላት። የቀዘቀዙትን እንቁላሎች ወሰደች፣ ሰበረች፣ ቅርፊቱን አጥባ በምጣድ አመሰችና ከኖራው ጋር ወቀጠችው። በጾም ሌላ እንቁላል ከየት ይመጣል አለች። የገዛ እንቁላሏን ቅርፊት አበላናት። ማየት አልቻልኩም፣ ፊቴን አዞርኩ።

ሥራ አልሄድኩም። ቀጥታ አያሌው ግቢ ገባሁ። ኖራው ከየት ነው፣ ማን ስጥ አለዎት ልለው ነበር። የወጣኝ ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። እጄን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። ከታች፣ ጉልበቴ ድረስ፣ ኖራው ተጎድጉዷል። ትንንሽ ጉድጓድ ብቻ። የጣት ጥፍር የቆነጠረው ይመስላል።

«የርስዎ ርግቦች ናቸው» አለኝ። «ስገባ አካባቢ በየጠዋቱ እየመጡ ይለቅሙት ነበር። ያቺ አንገተ አረንጓዴዋ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። ጥቅምት ላይ ቀሩ። ታርደው ይሆን ብዬ በየጠዋቱ ወጥቼ ወደ ጣሪያዎ አያለሁ።»

እናቱ ዶሮዎቿ እንቁላል ጥለው እግራቸው ሲከዳቸው ኖራ ትሰጥ እንደነበር ነገረኝ። ኖራና ፀሐይ አጥታ የምትጥል ወፍ ከገዛ አጥንቷ ነው የምታወጣው ትል ነበር አለ። ከዚያ፣

«ለምን ዘጉባቸው?»

ምን ልበለው? እርስዎን ፈርቼ? ድመት አልኩት። ድመት አስቸገረን። እሺ አለኝ። ያላመነ ሰው እሺ።

ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። መርዙን ስፈልግ ሰነበትኩ። ጣውላውን የመታሁት እኔ፣ ሚስማሩን የመረጥኩ እኔ። አምስት ወር ጨለማ ውስጥ አስቀምጬ ከአጥንቷ እንቁላል አስወጣኋት። አፈርኩ።

ግን... መልሱ ጥሩ አይደለም? በጣም ጥሩ ነው። እንዲህ የተዘጋጀ መልስ ያለው ሰውስ?

ዓርብ፣ መጋቢት 15

በቅርጫት አድርጌ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አዋልኳት። ዘውዲ ኖራውን በስኳር ውሃ ለውሳ ሰጠቻት። የቀበሌ ስኳር ነው፣ የኛ ድርሻ። ዛሬ አንገቷን አቀናች። አያሌው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ አየን። ሰላም አልኩት። ቀድሜ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16

ቆመች! ተንገዳገደች፣ ወደቀች፣ እንደገና ቆመች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ዘውዲ አለቀሰች። ስለ ርግቧ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20

በሥራ ቦታ አንድ ሰው ልጅህ አሰብ የት ክፍል ነው የሚሠራው አለኝ። የአክስቴ ልጅ እዚያ አለ፣ ሰላም ይበልልህ አለ። መጋዘን አልኩ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። አሁን ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? ስንት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፣ ጠርጥሬው አላውቅም። ስጠረጥር የነበረው ሌላውን...

ሆስተስ ቤት ውስጥ መብረር ጀምራለች። ቁም ሣጥኑ ላይ ታድራለች።

እሁድ፣ መጋቢት 24

ዘውዲ ጠዋት መዶሻውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። መሰላሉን ወጣሁና ጣውላውን ነቀልኩ። ሚስማሮቹ አልወጣ ብለው ነበር፣ ያኔ በንዴት ነው የመታኋቸው። ርግቦቹ መጀመሪያ አልወጡም። ብርሃኑን አይተው ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ነኝ እንዲህ ያስለመድኳቸው። ሆስተስን አምጥቼ መውጫው ላይ አስቀመጥኳት። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ተነሳች፣ አንድ ጊዜ ዞረችና ቀጥታ የአያሌው ግድግዳ ሥር አረፈች። ሌሎቹ ተከተሏት። ትለቅማለች፣ ትለቅማለች...

አያሌው ነጠላውን እንደለበሰ ወጥቶ ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ፀሐይ ነው አለ። ለፋሲካ ግድግዳውን ሊያስቀባ ቀለም ገዝቶ ነበር፣ ይቅር አለ። ትንሽ ቆይቶ ያቺ ስሟ ማነው አለኝ። ሆስተስ አልኩት። ሳቀ። ማን አወጣላት?

ወደ ዘውዲ አላየሁም። እንደደነገጠች ግን ታውቆኛል።

«ልጄ» አልኩት። «ርግቦቹም የልጄ ናቸው።»

አንገቱን ነቀነቀ። ርግቦቹን ሲያይ ቆየ።

«ጥሩ አድርጎ ነው ያሳደጋቸው» አለኝ።

ማታ እራት ላይ ነው የገባኝ። መቼ ጣለች፣ ምን ትበላለች፣ ለምን ዘጉባት፣ ማን ስም አወጣላት የሚል ሰው፣ ልጅዎ የት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ያቺን አንዷን ዘለላት። ለምን? ያውቃል ማለት ነው? ከመቼ ጀምሮ? ያን እሁድ ጣሪያው ላይ «ነበር» ሲለኝም ያውቅ ነበር?

ይወቅ።

ጣውላውን ዘውዲ ማገዶ አድርጋዋለች።