ያላጨበጨብኩበት ቅዳሜ

ማክሰኞ

ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ ተባልኩ። ለማንስ ልናገር! እዚህ ደብተር ላይ ካላሰፈርኩት ግን ደረቴ ሊፈነዳ ነው።

ታምራት ሞቷል። የጎረቤቴ የአየለች ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የነበረው። እሁድ ለት ሱቁ ውስጥ እንዳለ ተኮሱበት። ዛሬ ከሰዓት ጋሽ ኤርሚያስ፣ የሟች ባሏ ወንድም፣ እኔ የማጸዳበት ወጣት ማዕከል በር ድረስ መጥቶ ጠራኝ። "አስናቀች፣ ከእሷ ስለማትለዪ ነው የምነግርሽ" አለኝ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ።

መርዶው እሁድ ንጋት ላይ ነው የሚነገራት። ትንሿ ልጇ ምሕረት ጅማ ነው የምትማረው፤ የመጨረሻ ፈተናዋ አርብ ነው፣ ቅዳሜ ማታ እሱ ጋ ትገባለች። "እናቷ ዛሬ ከሰማች ወዲያው ትደውልላታለች። ልጅቷ ብቻዋን መንገድ ላይ ምን ትሁን?" አለ። እውነቱን ነው። የአየለች ወንድምም ከሆሳዕና እስኪመጣ መጠበቅ አለበት።

ቅዳሜ ሲል ነው ክው ያልኩት። "ጋሽዬ፣ ቅዳሜ እኮ ከፈረንጆቹ ጋር መድረክ ልትወጣ ነው!" አልኩት። "እሱን እንግዲህ አንቺ አንድ በዪው" ብሎኝ ሄደ።

አንድ በዪው! እኔ ሻይ አፍይ፣ ወለል ጥራጊ ነኝ።

ፈረንጆቹ አራት ናቸው፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ሦስቱ ቫዮሊን መሳይ ትከሻ ላይ የሚያዝ አላቸው፣ አራተኛው ማርቲን የሚባለው ረጅሙ ሰውዬ ጉልበቱ መሃል የሚያቆመው ትልቅ ቼሎ አለው። እኛ ማዕከል ከመጡ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው። ጠዋት ለተማሪዎች ያስተምራሉ፣ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ለነፍሰ ጡሮች ተጫወቱ፣ ከሰዓት ደግሞ የሰፈር ሴቶችን ይሰበስባሉ። ያደጋችሁበትን ዜማ አሰሙን ሲሉን እኔ አፈርኩ፤ አየለች ግን ብድግ አለች። ያገሯ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ የሚያዜሙትን አሰማቻቸው። ኤልዛ የምትባለዋ በወረቀት ጻፈችው። የቅዳሜው ዝግጅት ማሳረጊያ እሱ ነው።

"ጴንጤ ሆነሽ ልትዘፍኚ ነው?" ብዬ ስቄባት ነበር።

"ዘፈን አይደለም አንቺ! የሥራ ዜማ ነው። ፓስተሬንም ጠይቄዋለሁ።"

ያኔ ልጇ በሕይወት ነበር።

ረቡዕ

በጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። "ታምራት ስልኩ ከእሁድ ጀምሮ አይሠራም" አለችኝ።

"መብራት ይሆናላ። እዛ አገር በፈረቃ ነው አሉ።"

"እሱ ነው። አሁንስ የኛው መብራት ኃይል ሳይሻል አይቀርም" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት አፌ እንደሚቀጥፍ ለራሴ ገረመኝ።

ምስጢሩን እንዳያወጡብኝ የምጠብቃቸው ነገሮች፦

ስልኳ። ጓደኞቹ ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፈውታል።

ለቡ ሰፈር ያለችው የታምራት ጓደኛ ሚስት። ማልቀስ እንጂ መደበቅ አልፈጠረባትም።

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከኔ ቀድማ ሰምታለች።

የገዛ ፊቴ።

ለስልኩ ሳምሪን ያዝኩ። ሳምራዊት ለፈረንጆቹ የምታስተረጉምላቸው ልጅ ናት፤ የግዴን ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ከዛ እንደ ምንም ብላ "እትዬ አየለች፣ ስልክሽ ሞልቷል፣ ላጽዳልሽ" ብላ ፌስቡኩን አጠፋችው። አየለች መረቀቻት። "ልጅ ወልደሽ ሳሚ" አለቻት። ልጅቷ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆየች።

ሐሙስ

ዛሬ ተዋረድኩ።

አስቤ አስቤ ያገኘሁት ዘዴ ይሄ ነበር። "ሰዓት አጥሯል፣ ያንቺ ዜማ ቀርቷል አሉ" አልኳት። ፊቷ ጥቁር አለ። ቀጥ ብላ ኤልዛ ጋ ሄደች። ያቺ ደግሞ ምንም አታውቅ፣ "ኖ፣ ኖ!" እያለች አቀፈቻት። አየለች ተመልሳ መጣችና "ማነው ቀረ ያለሽ?" አለችኝ።

"የሰማሁ መስሎኝ ነው።"

"ቀንተሽ ነው እንዴ አስኒ?" አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። ግን አለችው።

ከዚህ በኋላ ምን አማራጭ አለኝ? በሳምሪ አስተርጓሚነት ለአራቱም እቃ ክፍል ውስጥ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። ኤልዛ "እናንተ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እናቱ ብቻ አታውቅም?" ብላ ጠየቀች። ሳምሪ ስታስተረጉምልኝ ቀላች። እንደዛ ሲባል ለኔም አስቀያሚ ሆነብኝ።

"ስትሰማ ሰው አጠገቧ እንዲሆን ነው" አልኩ። "ልጇ፣ ወንድሟ፣ እኛ። በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ሆና አትሰማም።"

ዜማውን አስቀሩት ብዬም ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ጋሽ ኤርሚያስ ጋ ደወልኩ፤ እሱ ግን "እንዳታስቀሩባት! ትጠረጥራለች፣ በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩን አምሳ ጊዜ ትጠይቃለች። እንደወትሮው ይሁን" አለ።

"ጋሽዬ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይሄን ታስታውሰዋለች እኮ። ልጄ ሬሳ ሆኖ እኔ መድረክ ላይ ሰው አስጨበጭብ ነበር ትላለች።"

"ታስታውሳለች" አለ። "ምሕረት መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?"

ስልኩን ዘጋሁት። ለፈረንጆቹ እንደወትሮው ይሁን አልኳቸው፤ እሷን ስታዩ እንዲህ ሁኑ ብዬ የራሴን ጥርስ አሳየኋቸው። ሦስቱ ሞከሩ። ማርቲን አልቻለም። ያ ሁሉ ቁመት፣ እንደ ሕፃን ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

አርብ

ልምምድ ነበር። ማርቲን አቀርቅሮ ቼሎውን ብቻ ያያል። አየለች ታዲያ ምን ያመልጣታል።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?" አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ።

ምን ልበል? ቶሎ የመጣልኝን ተናገርኩ። "እናቱ ታማበታለች። በጣም።"

"ውይ! ሰው አገር ሆኖ!"

ልምምዱን አቋረጠችው። ሄዳ ፊቱ ቆመች፣ ትከሻው ላይ እጇን ጫነችና ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች። ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ጌታ ሆይ፣ ይሄ ልጅ ከእናቱ ርቋል። እናቱን ማርለት። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ አትለያያቸው። በሰው አገር ያለ ልጅ እንዴት እንደሚናፈቅ እኔ አውቃለሁ ጌታዬ።"

ሳምሪ አላስተረጎመችም። አልቻለችም። ማርቲን ግን እጇን ይዞ አለቀሰ፣ እንባው ቼሎው ላይ ተንጠባጠበ፤ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ቼሎውን ጠረገችለት። "አይዞህ፣ ይሰማሃል፣ አይዞህ" ትለዋለች።

እኔ ሻይ ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁ። ግንቡ ጥግ ሄጄ ነጠላዬን ነከስኩ።

የሟቹን እናት ሰው አጽናኝ አደረግኳት። እኔ ነኝ ያደረግኳት። ይሄን ሳልጽፍ መተኛት አልፈልግም።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። ከጎፋም ከሃይሌ ጋርመንትም ድረስ ሰው መጥቷል። አግዳሚ ወንበሮቹ የእድራችን ናቸው፤ ሊቀመንበሩ በጠዋት መጥቶ "ሲያልቅ ወደ መጋዘን አትመልሱ፣ በዚያው ነው የሚሄዱት" አለኝ። በዚያው ማለት ወደ ነገው የለቅሶ ድንኳን ነው። አየለች ደግሞ ሰምታ ኖሮ "የት ነው የሚሄዱት?" አለች።

"ሠርግ አለ መሰለኝ።"

"በጾም?" አለችና የራሷን ወንበር ተሸክማ ማስተካከሏን ቀጠለች። እናንተ ኦርቶዶክሶች ጾም ላይ ሠርግ ጀመራችሁ እንዴ ብላ ትቀልድብኛለች። ነገ ለልጇ የሚለቀስበትን ወንበር ትደረድራለች።

ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። አራቱ ሲጀምሩ አንድ ሁለት ብለው አይቆጥሩም። ይተያያሉ፣ እኩል ትንፋሽ ይስባሉ፣ ከዛ ዜማውን ያነሳሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

አየለች የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። አዜመች። ምን ብዬ ልጻፈው። ቋንቋውን አልሰማውም፤ እሷ ስትጀምር ሦስቱ ቫዮሊኖች ቀስ ብለው ተከተሏት፣ ማርቲን ዓይኑን እንደጨፈነ ከሥር ያንጎራጉር ነበር። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አዳራሹ ውስጥ የሚያውቅም የማያውቅም ነበር። የሚያውቁት ሲያለቅሱ የማያውቁት በዜማው የተነኩ መሰላቸው።

ሲያልቅ እልልታው፣ ጭብጨባው! ጋሽ ኤርሚያስ እንኳ ቆሞ አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ ነበረበት። እኔ እጄ እምቢ አለኝ። እንደወትሮው ይሁን ያልኩት እኔ፣ ሰውን ያስጠነቀቅኩት እኔ፣ ነጠላዬ ውስጥ እጄን ቆልፌ ተቀመጥኩ።

ከመድረክ ስትወርድ ቀጥታ ወደኔ መጣች። ላቧ ይወርዳል፣ ፊቷ እንደ ልጃገረድ በርቷል። "አስኒ፣ ሁሉም አጨበጨበልኝ፣ አንቺ ምነው?" አለችኝ።

"እጄን አሞኝ ነው።"

አየችኝ። "እሺ" አለች። ሐሙስ ቀንተሽ ነው እንዴ ያለችው መጣብኝ፤ ለእሷም እንደመጣባት ዓይኗ ላይ አየሁት።

ሳምሪ በስልኳ ቀርጻላት ነበር። አየለች ቪዲዮውን ለታምራት ላከችው። "አንዷ የመላኪያ ምልክት ብቻ ናት የወጣችው፣ ገና አልደረሰውም" አለች ስልኩን እያሳየችኝ፣ "ግድ የለም፣ መብራት ሲመጣ ያየዋል።"

እሁድ

ገና ጎህ ሳይቀድ በሯ ላይ ተሰበሰብን። ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። ማንም ቶሎ ማንኳኳት አልፈለገም። ጋሽ ኤርሚያስ ዞር ብሎ አየን፣ እኛም አየነው፣ ሁላችንም እኩል ትንፋሽ ሳብን። እንደ አራቱ። ከዛ አንኳኳ።

ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። "አስኒ፣ ምነው በጠዋት?" አለች። ከዛ ነጠላዬን አየች። ከዛ ወንድሟን። ከዛ ከኋላችን ምሕረትን፣ ያበጠ ዓይኗን።

ጋሽ ኤርሚያስ አንድ ቃል ሳያወጣ ነው የገባት። ምሕረት ካለች ማን እንደሌለ ገባት።

ሌላውን አልጽፈውም።

ማክሰኞ

ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ውሃ ስሰጣት ከኔ እጅ አትቀበልም፤ ከምሕረት እጅ ትቀበላለች። ሰዉ አይቷል። እኔ ንፍሮ አቀርባለሁ፣ ሰሃን አጥባለሁ፣ ከድንኳኑ ጥግ እቀመጣለሁ።

ከሰዓት ማርቲንና ኤልዛ ከሳምሪ ጋር መጡ። መሣሪያ አልያዙም። የቅዳሜው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ንፍሮ ዘግነን ሰጠናቸው፣ በሉ። ነገ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ።

አየለች ማርቲንን በእጇ ጠራችው። "ሳምሪ፣ ጠይቂልኝ። እናቱ እንዴት ናት?"

ሰውዬው ወደኔ አየ። እኔ አቀረቀርኩ። "ደህና ናት" አለ።

"አልታመመችም ነበር" አለች አየለች።

"አልታመመችም" ብላ የሱን መልስ አስተረጎመች ሳምሪ፣ በጣም ቀስ ብላ።

"ይሁን። ጸሎቴን አልመልሰውም፣ ለእናቱ ይሁን።" ከዛ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞረች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከማክሰኞ።"

"ዳቦ ያመጣሁልሽ ቀን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"መብራት ነው ስትዪኝም?"

"አዎ አየልዬ።"

የምትጮህብኝ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝም ደስ ባለኝ። እሷ ግን ከጎኗ የተደገፈውን የልጇን ፎቶ አንስታ ለእሱ ማውራት ጀመረች። "ታምሬ" አለችው፣ "ያን ቀን እናትህ መድረክ ላይ ነበረች። አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበልኝ። አጎትህም አጨበጨበ። ይቺ ብቻ ናት እጇን ሰብስባ የተቀመጠችው።"

ወቀሳ ይሁን ምን ይሁን እስካሁን አላወቅኩም። ድምጿ ላይ ምንም የለም። ሴቶቹም አልገባቸውም፣ አንዷ እኔን ገላመጠችኝ።

ከዛ አየለች ፍራሹ ላይ እግሯን ሰብሰብ አደረገች። ቦታ ልትለቅልኝ ይሁን እግሯ ደንዝዞባት ይሁን እንጃ። ሄጄ ተቀመጥኩ። እስክነሳ ድረስ ሂጂም አላለችኝም።