ከውስጥ ከተቆለፈው አዳራሽ፣ ውጭ ለቀሩት ሊቀ መንበር

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ገብረ መድኅን፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣
ባሉበት፣ ማለትም ከቀበሌው አዳራሽ በር ውጭ።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ የነሐሴ ፀሐይ ራስዎን እንዳላዞረብዎ ተስፋ እያደረግሁ፣ ትናንት በመስኮት ሲጮኹብን የሻከረው ጉሮሮዎም ለበዓሉ ንግግር ደርሶ እንዲሻልዎ እየተመኘሁ፣ እኛ ግን ቆርቆሮው ከላይ እየጠበሰን ከመሆኑ በቀር ደኅና መሆናችንን በአክብሮት አስታውቃለሁ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርዎትና፣ እኔ ትርንጎ ሣህሉ እንደዚህ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ደብዳቤ አብራኝ የተቆለፈባት ኢስታር በመስኮቱ ፍርግርግ እጇን አሹልካ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ከቀፊራ ገበያ ዘንቢሉን ተሸክሞ የሚመለስ ሁሉ ቆሞ እንዲያነበው ሰሌዳውን እዚያ ያሰቀሉት እርስዎ ስለ ሆኑ ምስጋናዬ ከዚያው ይጀምራል።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ፦ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌያችን ድራማ እንዲያሳይ ሲታዘዝ፣ ከሴቶች ማኅበር አባላት መካከል እስከ አሥረኛ ክፍል የዘለቅሁት እኔ ነኝና ድርሰቱ እኔ ላይ ወደቀ። እኔም ከጅቡቲ ወደብ ተመላሾች እየሰማሁ ያደግሁትን የባሕር ሽፍቶች ታሪክ ጻፍኩ። ሊበን የሚባል የሱልጣን መርከበኛ ሽፍቶቹን ሊያሰጥም ይዘምታል፤ መርከቡ ተሰብሮ ዓለት ላይ ሲቀር ሱልጣኑ ታንኳ እንኳ አይልክለትም፤ ከሞት የሚያወጡት ሲያሳድዳቸው የነበሩት ሽፍቶች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሊበን ከሽፍቶቹ አለቃ ደጃፍ አይነቃነቅም፤ የሱልጣኑ መርከቦች ሲመጡም ፊት ለፊት የሚቆመው እሱ ነው። ሱልጣኑ ፊውዳል ስለ ሆነ ድርሰቱን ራስዎ ፈርመው አሳለፉት። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም በሰላም እንኖር ነበር።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥሩ ቢሳሳትብኝ ሙቀቱ ነው።

1ኛ. «ጠላት ተለወጠ ብሎ ማሳየት የሰፊውን ሕዝብ ንቃት ያደነዝዛል፤ ሊበን ግለ ሂስ አድርጎ ይሙት» ብለው ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ትእዛዙን ሞክረነዋል፤ አልሞከራችሁም እንዳይሉን። ሊበን በመርከቡ ላይ ቆሞ ግለ ሂሱን ጀመረ። ደንቡ ደንብ ነውና አለቃዋን የምትጫወተው ኢስታር ሂስ ሰጠች፣ ከዚያ መቅዘፊያ የያዘችው ሰጠች፣ ከዚያ ሸራ የምትሰቅለዋ «ተጨማሪ ነጥብ አለኝ» አለች። የሱልጣኑ መርከቦች ሊወጉን መጥተው ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁን። ሊበንን የሚጫወተው ልጅም «በሁለተኛው ክፍል ሕይወቴን ላተረፉልኝ ሰዎች ታምኜ በአምስተኛው የምሞተው ምን አድርጌ ነው?» ብሎ ሆዴን ቆረጠኝ አለና ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሄደ። እስካሁን እየቆረጠው ነው።

2ኛ. «ፍጻሜው ሳይታረም በሩ አይከፈትም» ብለው ረቡዕ ጠዋት እኔንና አምስት ሴቶችን ስለ ቆለፉብን አመሰግናለሁ። ይህ በር ከአሮጌ የባቡር ፉርጎ ተፈትቶ የመጣ ወፍራም ብረት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥንካሬውን ግን ከውስጥ ሆኖ እንደማየት የለም። በግድግዳ የታጠረች የጓሮ ሽንት ቤት ባትኖር ኖሮ ስለ እርስዎ የምጽፈው ቃል ሌላ በሆነ ነበር።

3ኛ. ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ይኸኛው ነው። ጠባቂያችን እንዲሆን በሺር ዓብዱልአዚዝን ስለ መረጡልን። የመረጡበትን ምክንያት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ከትርንጎ ጋር ደመኛ ነው፤ አይራራላትም» ብለዋል። ትክክል ነበሩ። ያኔ ከጅቡቲ ባቡር ስወርድ በቀሚሴ ሥር የጠመጠምኩትን የኮንትሮባንድ ጨርቅ ለጣቢያው ፍተሻ ተመድቦ የያዘብኝ፣ በሕዝብ ፊት «ሴትዮ፣ ስትሄጂ እኮ ቀጭን ነበርሽ» ያለኝ፣ ጣቢያውን በሳቅ የሞላው እሱ ነው። ቅጣቴን ጨርሼ ከወጣሁ በኋላም በአንድ ሰፈር እየኖርን ሰላምታ ተነፋፍገናል። እርስዎም ይህን ቂም አይተው እንደ መልካም ቁልፍ ተጠቀሙበት።

ረቡዕ ውሃ ስንለምነው «ባሕር ላይ አይደላችሁም እንዴ? ጠጡ!» አለን። ከቀትር በኋላ ልምምዳችንን ስንቀጥል ግን በርጩማውን ወደ በሩ ሲጎትት ሰማን። ወደ ማታ በቀዳዳው በኩል፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ያ ሊበን የምትሉት ሰውዬ ከዓለቱ ወረደ?» አለኝ።

«ምን አገባህ?» አልኩት።

«አቦ፣ ዝም ብዬ ነው!»

ሐሙስ የሊበንን ቃል ኢስታር ተክታ ስታነብ አላስቻለውም። «ኧረ ቀስ በይ! ሰው የሚምረው ሲያገኝ እንደዚያ አይጮኽም፤ ዝቅ አድርጊው፣ ያፍራል እኮ!» አላት። ኢስታርም ምላሷ እሳት ነውና፣ «ዋላሂ፣ ካወቅክበት ለምን ገብተህ አትለውም?» አለችው። ማታ አንድ ጀሪካን ውሃና የጋዜጣ ጥቅል ሳምቡሳ በሩን ገርበብ አድርጎ አስቀመጠልን። ያን ጊዜ ገፍተነው መውጣት እንችል ነበር፤ ሳምቡሳው ትኩስ ስለ ነበር ሐሳቡ አልመጣልንም።

ዓርብ ጠዋት ራሱ ገባ። በሩን ከውስጥ ቆለፈ፣ እርስዎ «ካንገትህ እንዳታወልቀው» ያሉትን ቁልፍ አወለቀና ሚስማር ላይ ሰቀለው። «እትዬ ትርንጎ» አለኝ፤ እትዬ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው፤ «ሊበንን ለእኔ ስጪኝ።»

«በእኔና በአንተ መካከል ያለውስ?» አልኩት።

«ያን ጠላትነት የሰጡኝ ለፍተሻ ሲመድቡኝ በቃለ ጉባኤ ነው። ይኼን ግን ራሴ ነኝ የመረጥኩት» አለኝ።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ የሊበንን ወረቀት ከኢስታር እጅ ወስጄ ሰጠሁት። ሊበንን ሲጫወት ቢያዩት! ከዓለቱ ወርዶ እጁን ለኢስታር ሲሰጣት አንገቱን ይደፋል፤ መቅዘፊያ የያዘችው ልጅ አልቅሳ መርከቡን መንገድ አሳተችው።

4ኛ ላይ ደርሻለሁ መሰለኝ፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ያነክሳል። ትናንት በመስኮት፣ «በሺር ጥበቃውን ጥሏል፤ በሚቀጥለው ዙር ወደ ብሔራዊ ውትድርና ይጫናል» ብለዋል። እናቱ ሳዶ ከእርስዎ ኋላ ቆማ ሰምታለች። ታላቅ ወንድሙ ባለፈው ዙር ሄዶ እስካሁን ወሬው አልመጣም፤ ለሳዶ የቀራት ይኸው አንዱ ነው። እርስዎ ይህን ስለሚያውቁ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ስለዚህ ያለንበትን ሁኔታ ልግለጽልዎ። ቁልፉ ከፊቴ ተሰቅሏል። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ረቡዕ የቆለፉብን እርስዎ ነበሩ፤ ዛሬ ማንም አልያዘንም፤ መውጣት ግን አልቻልንም፤ ምክንያቱም በሩ ሲከፈት እኛ ወደየቤታችን፣ እሱ ወደ መኪናው ነው። ሌሊቱን ሲያንገበግበን የነበረው ሙቀት አይደለም የከበደን፤ ይህ ነው። በሺር ሁለት ጊዜ «ክፈቱና ሂዱ፣ እኔ እችለዋለሁ» አለ። ኢስታር «ዝም በል፣ አለቃህ እኔ ነኝ» አለችው፤ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ነገ እሑድ ድራማውን የሚያዩ፣ ከቀበሌያችን በላይ ያለው የከፍተኛው ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ወንበሩ፣ ባንዲራው፣ የድምፅ ማጉያውና እርስዎ ንግግር የሚያደርጉበት ጠረጴዛ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛው ለጊዜው ተገልብጦ መርከብ ሆኗል። በሩን እንዳያሰብሩት፣ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ቢያሰብሩትም እንግዶቹ «ምን ሆኖ ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ እኔም እንደሚያውቁኝ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ። የምንለምነው አንዲት ወረቀት ናት፦ በሺር ዓብዱልአዚዝ በእርስዎ ትእዛዝ ለኪነት ቡድኑ ተመድቦ ሥራውን በትጋት እየፈጸመ መሆኑን የምትገልጽ፣ ክብ ማኅተም ያረፈባት፣ በበሩ ሥር የምትገባ። አንዷ ቅጂ ለእናቱ ትሰጥ። ሊበን አይሞትም፤ ግለ ሂሱንም አውጥተነዋል። ወረቀቷ ስትገባ በሩ ይከፈታል፣ ወንበሩም ይደረደራል፣ እርስዎንም ከፊት ረድፍ እናስቀምጥዎታለን። ካልገባችም ለእንግዶቹ ከበሩ ውጭ ባለው ፀሐይ ላይ ንግግር ያደርጉላቸዋል፤ እኛም ከውስጥ እናጨበጭባለን።

ለተቆለፈብን በር፣ ለተመረጠልን ጠላት፣ በዕድሜዬ ላገኘሁት ትልቅ ደስታ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የጥላ ቦታ እንዲያገኙ የምመኝልዎ፣

ትርንጎ ሣህሉ፣
ከመርከቡ።

ማስታወሻ፦ ዛሬ ረፋድ ላይ «ገብተሽ ምከሪያቸው» ብለው የላኩልን፣ በሩን ለአፍታ ገርበብ አድርገን ያስገባናቸው ባለቤትዎ ወይዘሮ የሺአረግ ደኅና ናቸው። መክረውናል፤ ከዚያ ልምምዱን ተቀምጠው አዩ፤ አሁን አይወጡም። ሽንኩርቱ አልጋው ሥር ባለው ቅርጫት መሆኑን፣ ለምድጃው ግን ጋዝ ማለቁን እንድነግርዎ አዝዘውኛል። የባሕሩን ሰማያዊ ጨርቅ አንድ ጫፍ ይዘው ማዕበሉን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ማዕበል አይተን አናውቅም፤ የስንት ዓመት ጥርቅም እንደ ሆነ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም።